ሳይደርስ የተለቀመ አቮካዶ

የጌዴኦ ገበሬ ቡናው መድረሱን ከቅላቱ ያውቃል። አቮካዶ ግን እንዲህ አይደለም። ዛፉ ላይ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከተለቀመ በኋላ ነው። ስለዚህ የደረሰውና ያልደረሰው በዓይን ይመሳሰላሉ። ወደ አውሮፓ የሚላክ የሃስ ዝርያ ቢያንስ 21 በመቶ ደረቅ ይዘት እንዲኖረው የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ከዲላ ትኩስ አቮካዶ ለመላክ የምታቅዱ ወገኖች፣ ፈተናው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዋጋው ጥሩ ሳለ ልሽጥ ተብሎ ቀድሞ የተለቀመ ፍሬ በጅቡቲ በኩል በቀዝቃዛ ኮንቴይነር ሳምንታት ተጉዞ ሲደርስ በወጉ አይበስልም፤ ይጨማደዳል። ሱቅ ገብቶ የገዛው ሰው የለቃሚውን ስም አያውቅም። «የኢትዮጵያ አቮካዶ» ብሎ ይተወዋል፤ በትዕግሥት የጠበቀው ጎረቤትም አብሮ ይከስራል።

ዘሌዋውያን 19 ላይ ያለው የእውነተኛ ሚዛን ትእዛዝ እስከዚህ ድረስ ይዘልቃል። ያዕቆብም በምዕራፍ 4 ነጋዴዎቹን የገሠጸው ስላቀዱ አይደለም፤ ጌታን ከዕቅዳቸው ስላስወጡ ነው። እኛ ደግሞ አንዳንዴ «ጌታ ቢፈቅድ» እንልና ሳንለካ እንለቅማለን። (ጸሎት ደረቅ ይዘትን አይተካም።) እንዲህ ያለ ዕቅድ ይዞ ለጸሎት የሚመጣ ወንድም ካለ፣ እጅ ከመጫናችን በፊት «መቼ ልትለቅም ነው? ማንስ ለካልህ?» ብለን እንጠይቀው።