ታኮውን አብሩት

«ቆመሃል ወይስ አልቆምክም?»

ጀሞ ውስጥ፣ ዜብራ ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ በሚጣደፍበት የጠዋት ሰዓት፣ ልጅ ያዘለች እናት የመኪናዬን ኮፈን በመዳፏ መታ አድርጋ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። የምመልሰው አጣሁ። የቆምኩ መስሎኝ ነበር። እግሬ ግን ፍሬኑ ላይ ላላ ብሎ ኖሮ፣ እሷ አንድ እርምጃ ስትገባ መኪናዬም አንድ ክንድ ወደፊት ተንፏቀቀች። እሷ ደንግጣ ቆመች፤ እኔም ደንግጬ ረገጥኩት። ማንም አልተጎዳም። ጥያቄው ግን እስከ ሳር ቤት ድረስ አብሮኝ ሄደ።

የሚያሳፍረው፣ መኪናዬ ይህን ጥያቄ የምትመልስበት በተን አላት። አውቶ ሆልድ ይባላል። ከገዛኋት ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር፤ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። አሁን ሳላበራው ከግቢ አልወጣም። እናንተም እንድታበሩት ልሟገታችሁ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ፍሬን ረግጣችሁ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲቆም፣ ሲስተሙ የፍሬን ዘይቱን ግፊት ባለበት ይይዘዋል። እግራችሁን ብታነሱም መኪናው አይነቃነቅም። ነዳጅ መስጫውን ነካ ስታደርጉ (ኤሌክትሪክ መኪና ላይም «ነዳጅ መስጫ» ማለታችን አልቀረም) ይለቃል። ዳገት ላይ ለመነሳት ከሚያግዘው ሌላ ሲስተም ጋር አታምታቱት። ያኛው እግራችሁን ከፍሬን እስክታዛውሩ ለጥቂት ሰከንድ ይዞ ይለቃል፤ ይሄኛው ግን «ሂድ» እስክትሉት ይጠብቃል።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዳገት ላይ የቆመ አሮጌ ሚኒባስ ወደኋላ ሲል፣ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጥ የለ? እሱ ነው፤ ታኮ። አውቶ ሆልድ ረዳት የማያስፈልገው ታኮ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው እንጦጦ ተነስቶ አቃቂ ላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ በሚወርድ ከተማ ውስጥ እየነዱ ታኮን መናቅ ምን ይሉታል?

«ጎበዝ ሹፌር በእግሩ ነው የሚይዘው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ኩራቱ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። አብዛኞቻችን የተማርነው ማንዋል መኪና ላይ ነው፤ ዳገት ላይ መኪናን በፍሪሲዮንና በነዳጅ አንጠልጥሎ ማቆየት እንደ ጥበብ ይቆጠር ነበር። ጥበቡ ግን የፍሪሲዮን ሸራ ይበላል፤ ያኔም ቢሆን ትክክለኛው መንገድ የእጅ ፍሬን ነበር። ደግሞስ ይህ ክርክር ሁሉ ስለ ሹፌሩ ነው፤ ስለ እግሩ፣ ስለ ድካሙ፣ ስለ ጉብዝናው። ከፊቱ የቆመችው ሴትዮ የት ሄደች?

እውነቱን እንነጋገር። ዜብራ ላይ የምንንፏቀቀው ሁልጊዜ እግራችን ደክሞ አይደለም። «ቶሎ በይ» ማለታችን ነው። ክላክስ ከማድረግ የተሻለ ጨዋነት ይመስለናል፤ ያው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እኛ ዘንድ መኪናም ቀስ በቀስ በሰው እግር ላይ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በመንፏቀቅ ነው የሚሞቱት እያልኩ አይደለም፤ ዋናው ገዳይ ፍጥነት ነው። ግን አስቡት፦ እግረኛው የቆመን መኪና ማመን ካልቻለ ዜብራው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ቀለም ብቻ ነው። ያላመነ እግረኛ ይሮጣል። የሚሮጥ እግረኛ ደግሞ ዓይኑ ከሚንፏቀቀው መኪና ላይ ስለማይነሳ፣ በጎን በኩል እየከነፈ የሚመጣውን ሁለተኛ መኪና አያየውም።

መኪና ሻጮች፣ ይሄኛው ለእናንተ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከለቡ እስከ ጎተራ ቢዋይዲውም፣ አይዲ ፎሩም፣ አይዲ ሲክሱም በዝቷል። ታኮው አብሯቸው መጥቷል። ግን የብዙዎቹ ስክሪን ቻይንኛ ነው። ቢዋይዲ ላይ ኤቪኤች በሚል ስም ተቀምጧል፤ አይዲዎቹ ላይ ስክሪኑ ውስጥ ገብቶ መፈለግ ይጠይቃል። አንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ በቃላችሁ ትነግሩናላችሁ፤ እንዴት እንደሚያቆም ግን ለምን አታሳዩንም? ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ከሰማኋቸው ተቃውሞዎች የምፈራው አንዱን ብቻ ነው። ጓደኛዬ «እግርህ ሥራ ሲፈታ እጅህ ስልክ ይፈልጋል» አለኝ። ልክ ነው፤ ይፈልጋል። ግን እንዋሻሽ እንዴ? እግራችን ፍሬን ላይ እያለም ስልክ እያየን ነው። ልዩነቱ፣ ያኔ ዓይናችን ቴሌግራም ላይ ሆኖ መኪናው ይንፏቀቃል። ስልኩ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ታኮውን ማንሳት አይደለም።

ልኩንም ማወቅ ነው። አውቶ ሆልድ መኪና ማቆሚያ አይደለም፤ ልትወርዱ ከሆነ «ፒ» አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። ብዙ መኪኖች በር ሲከፈት ራሳቸው ወደ ፓርኪንግ ፍሬን ያዞሩታል፤ እሱን ተማምኖ መውረድ ግን ሞኝነት ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ቀስ እያላችሁ ስታቆሙ አጥፉት፤ እዚያ መንፏቀቅ ያስፈልጋችኋል። በብዙ መኪና ቀበቶ ካልታሰረ አይሠራም፤ እንኳንም አልሠራ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ መኪናው ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ ጠዋት ጠዋት ማብራት ግድ ነው።

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ስም ራሱ ከቴክኖሎጂ የመጣ ነው። ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ ጣቢያ እዚህ ሲተከል፣ የዘመኑ ሰዎች «ንፋስ ስልክ» አሉት። ምን እንደሚሠራ ሲገባቸው በራሳቸው ቋንቋ ስም አወጡለት፤ ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። እኛ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር አውጥተን የገዛነውን ነገር ትርጉሙን እንኳ ሳንጠይቅ አጥፍተነው እንዞራለን። እኔ ታኮ ብዬዋለሁ። የተሻለ ስም ያለው ያምጣ፤ ግን መጀመሪያ ያብራው።

አሁንም በየጠዋቱ በዚያው ዜብራ አልፋለሁ። ያቺን እናት ደግሜ አላየኋትም። ሌሎች ይሻገራሉ፤ ተማሪዎች፣ ዘንቢል የያዙ እናቶች፣ ምርኩዝ የያዙ አባቶች። እግሬን ከፍሬኑ አነሳለሁ፤ መኪናዋ አትነቃነቅም። ከኋላዬ ክላክስ ይደረጋል። ይደረግ።

ቆሜያለሁ።