የሳላንግ መንገድ፦ የአንድ ተሽከርካሪ ብልሽት ለብዙዎች አደጋ ሲሆን

የሂንዱ ኩሽ ተራሮችን የሚያቋርጠው የሳላንግ መንገድ ካቡልን ከሰሜናዊ አፍጋኒስታን ጋር ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተው ዋሻው 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 በአካባቢው የደረሱ የበረዶ ናዳዎች ከ160 በላይ ሰዎችን ገድለዋል።

ናዳን ማስቆም ከአሽከርካሪው አቅም በላይ ነው፤ ተበላሽቶ መንገድ ከመዝጋት መጠንቀቅ ግን በእጁ ነው። ለሞቃት አየር የተዘጋጀ ናፍጣ በተራራው ብርድ ሰሙ ይረጋና ፊልትሮውን ይደፍናል። በፍሬኑ የአየር ማጠራቀሚያ የቀረ እርጥበትም በረዶ ሆኖ ፍሬኑን ያሰናክላል። ስለዚህ አቀበቱ ከመጀመሩ በፊት ለብርድ የሚስማማ ናፍጣ መሙላት፣ የተጠራቀመውን ውኃ ማስወጣት፣ ባትሪውንና የራዲያተሩን ፀረ በረዶ ፈሳሽ መፈተሽ፣ የጎማ ሰንሰለትም መያዝ ያሻል።

በጠባቡ መንገድ የቆመ አንድ ከባድ ተሽከርካሪ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ለብርድና ለናዳ ያጋልጣል፤ ወደ ካቡል የሚጓዘውን እህልና ነዳጅም ያዘገያል። በመሆኑም የዝግጅቱ ወጪ በአሽከርካሪው ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም፤ የጭነቱ ባለቤትም ሊጋራው ይገባል። በአላህ መመካት ሰበብ ማድረስን አያስቀርምና።