ከጥፋት በኋላ የሚቀየስ ጎዳና

የዚህ እትም ጽሑፎች ከአደጋ በኋላ የከተማ ጎዳናዎች እንደገና የሚነደፉበትን ሂደት ይመረምራሉ። በጉዳዩ ላይ ዘወትር የምትጠቀሰው ሊዝበን እ.ኤ.አ. በ1755 በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በባሕር ሞገድና በቃጠሎ ስትወድም፣ ዋናው መሐንዲስ ማኑኤል ዳ ማያ ከተማዋን እንደነበረች ከመመለስ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ እስከ ማዛወር የሚደርሱ አማራጮችን አቅርቦ፣ በመጨረሻ ባይሻ የተባለው ዝቅተኛ ሰፈር ቀጥ ባሉ ሰፋፊ ጎዳናዎች ተቀየሰ።

የኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ መከራ ግን ጎርፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1913 የሳዮቶ ወንዝ በምዕራብ ዳርቻው ያለውን ፍራንክሊንተንን አጥለቅልቆ ከ90 በላይ ሰዎችን ሲገድልና ድልድዮችን ሲጠራርግ፣ ከተማዋ በ1908 የተዘጋጀ ፕላን፣ ማለትም የመንገዶችን፣ የአደባባዮችንና የመንግሥት ሕንፃዎችን አቀማመጥ በአንድነት የሚወስን ንድፍ፣ ነበራት፤ ፕላኑ የወንዙን ዳርቻ የአስተዳደር ማዕከል ለማድረግ ያቀደ ቢሆንም፣ ወንዙን ማስፋትና በዳርቻው አዳዲስ ድልድዮችንና የሕዝብ ሕንፃዎችን ማቆም የተቻለው ከጎርፉ በኋላ ነው። አደጋ የከተማ ነዳፊን እጅ ይፈታል የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ላይ በከፊል ብቻ ይሠራል፤ ማዕከሉ ሲያምር፣ ከሁሉ በላይ የተጎዳው ፍራንክሊንተን የጎርፍ መከላከያ ግንቡ ተጠናቆ ያየው በ2004 ነውና፤ እስከዚያም በጎርፍ ሜዳ፣ ማለትም ወንዝ ሲሞላ በሚተኛበት መሬት፣ ላይ ግንባታን የሚገድብ ደንብ ሰፈሩን ለዓመታት አስሮት ቆይቷል።

የመጨረሻው ጽሑፍ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰውንና ወደ ደሴ የሚያልፈውን አውራ ጎዳና የሰነጣጠቀውን የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ይመለከታል።