ጥቅሱን ሳይሆን ምዕራፉን

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ መንፈሳዊ መጻሕፍት ገበያ የወጣውን ጽሑፍ አነበብሁት። ስለ መዳንና ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አረዳድ በአማርኛ በቂ መጽሐፍ የለም የሚለው ሐሳብ አልተዋጠልኝም። መጽሐፍማ ሞልቷል። የጠፋው አንባቢውን እጁን ይዞ፣ አንድን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያስነብብ መጽሐፍ ነው።

እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ በሰፈራችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን እመራለሁ። ስለዚህ ከራሳችን ቤት ልጀምር። ስለ ድነት የምናሳትማቸው ትንንሽ መጻሕፍት አካሄዳቸው አንድ ነው። ሮሜ 3፥23፣ ሮሜ 6፥23፣ ኤፌሶን 2፥8-9፣ ከዚያ ራእይ 3፥20፤ በመጨረሻው ገጽ የንስሐ ጸሎት፣ ከጸሎቱም ሥር ስምና ቀን የሚሞላበት ባለ ነጠብጣብ መስመር። ኤፌሶን ላይ ቁጥር 9 ሲደርሱ ይቆማሉ። ቁጥር 10 ግን የዚያው ሐሳብ ማሰሪያ ነው፤ በጸጋ የዳነው ሰው የተፈጠረው ለመልካም ሥራ እንደሆነ የሚናገረው እዚያ ላይ ነው። የራእዩ መልእክትም የተላከው በሎዶቅያ ለነበረች፣ እምነቷ ለብ ላለባት ቤተ ክርስቲያን ነው። ወንጌል ሰምቶ የማያውቅን ሰው በዚያ ጥቅስ መጥራት ኃጢአት ነው አልልም፤ ነገር ግን መልእክቱ ለማን እንደተጻፈ የሚነግረው ሰው ማግኘት ነበረበት።

አራት ኪሎ ከሚሸጡት የኦርቶዶክስ «የመልስ» መጻሕፍት መካከልም ያንኑ የሚያደርጉ አሉ፤ ወገኑ ብቻ ተለወጠ። ያዕቆብ 2፥24 በደማቅ ፊደል ይታተማል። ፊልጵስዩስ 2፥12 ይከተላል፤ በምእመናኑ ውስጥ የሚሠራው እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን የሚገልጸው ቁጥር 13 ግን ይዘለላል። አንዱ ቆርጦ ያወጣል፣ ሌላው ቆርጦ ይመልሳል፤ መሐል ላይ ላለው አንባቢ የሚተርፈው እሰጥ አገባ ብቻ ነው።

የዚህን ጉዳት ለማየት አብርሃምን መውሰድ ይበቃል። ጳውሎስ ሮሜ 4 ላይ፣ ያዕቆብም ምዕራፍ 2 ላይ የሚጠሩት ምስክር እርሱ ነው። ጳውሎስ ዘፍጥረት 15ን ይዞ አብርሃም በእምነት ጸደቀ ይላል፤ ያዕቆብ ዘፍጥረት 22ን ይዞ ልጁን በመሠዊያው ላይ ባቀረበ ጊዜ በሥራ ጸደቀ ይላል። ሁለቱን ጥቅሶች ነጥሎ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሐዋርያቱ የተጣሉ ይመስለዋል። አሁን ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 12 ጀምራችሁ በቅደም ተከተል አንብቡት። እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነው፤ የምዕራፍ 15 እምነት ከዚያ በፊት ነው። ሲገረዝ 99፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100 ዓመት ሆኖታል። ምዕራፍ 22 ላይ ይስሐቅ የመሥዋዕቱን እንጨት ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ልጅ ነው። እንግዲህ በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ያለው ጊዜ ቀላል አይደለም።

የጳውሎስ ክርክር የቆመው በዚሁ ቅደም ተከተል ላይ ነው፦ ጽድቁ የተቆጠረለት ከመገረዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ ይጠይቃል፤ ዓመቱን ያልቆጠረ አንባቢ ጥያቄው አይገባውም። ያዕቆብም የምዕራፍ 15ን ቃል አይክደውም፤ እንዲያውም 2፥23 ላይ ያንኑ ቃል ጠቅሶ በልጁ መሥዋዕት ጊዜ ተፈጸመ ይላል። እርሱ የሚቃወመው የሚበላና የሚለብስ ያጣውን ወንድም በባዶ ምርቃት የሚሸኝ «አማኝ» ነው። አንዱ እምነት እንዴት እንደጀመረ፣ ሌላው የት እንደደረሰ ይናገራል። ከዚህ በኋላ የጥምቀትና የቊርባን፣ የጸጋና የሥራ ልዩነታችን አይጠፋም፤ ግን ቢያንስ በእውነተኛው ነጥብ ላይ እንከራከራለን። ይህን ሁሉ ለማስረዳት አንድ ደህና የዘፍጥረት ማብራሪያ ይበቃ ነበር።

የቁጥሮቹም ነገር መነሳት አለበት። ጳውሎስ ቁጥር እየሰጠ አልጻፈም። ዛሬ የምናውቀው የሐዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል በ1551 እ.ኤ.አ. ሮቤር ኤስቲየን የተባለ አታሚ ያወጣው ነው። ቦታ ለማግኘት የተበጀ ምልክት ነበር፤ እኛ ግን እያንዳንዱን ቁጥር ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገነዋል።

የሚያስቆጨው ደግሞ ከኛ የተሻለ ልምድ እዚሁ አገራችን ውስጥ መኖሩ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መምህራን አንድምታ የተባለው ትርጓሜ ንባቡን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይዞ ይሄዳል። የሚከብደውን ቦታ አይዘልም፤ አንድን ቃል በሁለትና በሦስት መንገድ ይፈታና አንባቢውን እንዲያመዛዝን ይተወዋል። ወንጌሉ፣ መዝሙረ ዳዊቱና የሐዋርያት መልእክቶች ከነትርጓሜያቸው ታትመው ይሸጣሉ። እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ የራእይ ዮሐንስን አንድምታ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1983 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ አሳትሟል። የኛ ሰው ግን ስለ አውሬው ቁጥር ማወቅ ሲፈልግ ከአሜሪካ የተተረጎመ ይገዛል። በአንድምታው ሁሉ መስማማት አይጠበቅብንም፤ እኔ ራሴ የማልቀበለው ብዙ ነገር አለበት። አካሄዱን ግን ለምን አንማርም?

አጭር ጽሑፍ ጥቅም የለውም አልልም፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ማብራሪያ ይዞ መሄድ ጅልነት ነው። በአንዲት ቅጠል ወረቀት ልቡ ተነክቶ ጌታን የተከተለ ብዙ ሰው አውቃለሁ። የኔ ጥያቄ ያ ሰው በሁለተኛው ወር ምን ያንብብ ነው። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ ወንጌላውያኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ መጽሐፍ ቅዱስን ያጠኑ ነበር። ዛሬ የ1954ቱም፣ የ1980ውም፣ አዲሱ መደበኛ ትርጉምም በየቤቱ አለ፤ በስልካችንም ይነበባል። ቡድኔ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ግን ሮሜን በአንድ ተቀምጠው እንዲያነቡ ስጠይቃቸው መጀመሪያ የሚሉኝ «የትኛውን ጥቅስ?» ነው።

ስለዚህ አሳታሚዎችን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ጥቅስ ስትጠቅሱ ምዕራፉን በሙሉ አትሙ፤ ለሁለት ተጨማሪ ገጽ የሚወጣው ወረቀት አያከስርም። ከምትተረጉሟቸው መጻሕፍት መካከል ጥቂቱን ትታችሁ አገር ውስጥ ያሉ የሥነ መለኮት መምህራን አንድ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ይዘው እንዲጽፉ አድርጉ፤ በሮሜ ወይም በዘፍጥረት ይጀመር። እናንተም በመጽሐፍ ግምገማ ገጻችሁ ላይ አዲስ መጽሐፍ ስታቀርቡ ሽፋኑንና የገጽ ብዛቱን ከመንገር አልፋችሁ፣ ደራሲው ከጠቀሳቸው ጥቅሶች ሦስቱን መርጣችሁ ከፊትና ከኋላቸው ያለውን አንብቡና ያገኛችሁትን ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ