ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሚሠራውን ምረጡ

የእህቴ ልጅ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ የምታስገባበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ትራንስክሪፕቷን፣ የልደት ሰርተፍኬቷንና ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎችን ስካን አድርገን 25 ሜጋባይት የሚሆን አንድ ፋይል አዘጋጀን። ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ነው። ፋይሉ 40 በመቶ ደረሰና ቆመ። እንደገና ጀመርን፤ 35 ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ አዲሱ ዋይፋይ ፈጣን ነው አላልክም እንዴ?» አለችኝ።

ብያለሁ። ሲም የሚገባበትን ራውተር የገዛሁት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር የሚኖር ጓደኛዬ «እኔ ጋ ይበራል» አለኝ፤ እኔም ማስታወቂያው ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር አየሁና ቤቴ ሳልሞክረው የሦስት ወር ከፈልኩ። ጓደኛዬ አልዋሸም፤ እሱ ጋ ይበራል። እኔ ያለሁት ግን እዚህ ዳንግላ ነው፣ ከሱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ርቄ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለ ሰፈር። ድርጅቱ የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ሳይሞክር የከፈለው መራጩ ስለሆነ።

እኛ አዊ ውስጥ ፈረስ ሳይጋልበው የሚገዛ ሰው የለም። ጋማው ቢያምር፣ ሻጩ ቢምል፣ መጀመሪያ ይጋለባል። ለፈረስ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች በየወሩ የምንከፍልበትን ኢንተርኔት በቲክቶክ ማስታወቂያ እንገዛለን።

በእርግጥ መምረጥ ራሱ ለኛ አዲስ ነገር ነው። ስልክ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ቴሌ ማለት አንድ መንግሥታዊ ድርጅት ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ «ቴሌ!» ብሎ መማረር እንጂ ወደ ሌላ መሄድ አይታሰብም ነበር። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጣ፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ሳፋሪኮም ፈቃድ አገኘ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ጀመረ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ባሕር ዳርም ቀደም ብለው ከተከፈቱት ከተሞች አንዷ ነበረች። ይኸው ዛሬ በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት ሲሞችን በአንድ ስልክ የያዘ ወጣት ብዙ ነው።

ሁለት ሲም መያዝ ግን መምረጥ ማለት አይደለም። ለመምረጥ ምን እየገዛን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «ሜጋ» የምትለው ቃል ላይ ነው። የፍጥነት ሜጋ በቢት ነው የሚለካው፤ የፋይል ሜጋ ደግሞ በባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ «10 ሜጋ» የተባለ መስመር፣ ሁሉ ነገር ቢሳካለት እንኳ፣ በሰከንድ የሚያወርደው 1.25 ሜጋባይት ነው። 700 ሜጋባይት የሆነ የትምህርት ቪዲዮ በ4 ሜጋ መስመር ለማውረድ 23 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። «4 ሜጋ ገዝቼ ለምን በሰከንድ አራት ሜጋ አላወርድም? ተሰረቅኩ!» የሚል ሰው ካያችሁ ይህን ንገሩት፤ ጠብ ታስቀራላችሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማውረጃው ፍጥነት ነው። አፕሎዱ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ፊልም ለሚያይ ሰው ግድ የለም። ማመልከቻ ለሚያስገባ ተማሪ፣ ለደንበኛ ፎቶ ለሚልክ ፎቶ ቤት፣ ፎርም ለሚሞላ ኮፒ ቤት ግን ዋናው እሱ ነው። የኛ 25 ሜጋባይት ፋይል አፕሎዱ ግማሽ ሜጋ በሆነ መስመር ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ 7 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በየ3 ደቂቃው የሚቆራረጥ መስመር ከሆነ መቼም አይደርስም። እኛ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። የሞባይል ኢንተርኔትም ሆነ ባለ ሲም ራውተር ከአንድ ታወር የሚነሳውን አቅም ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር ይካፈላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ስትለኩት ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ታወሩ ዘና ብሏል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ቤቱ ገብቶ ዩቲዩብ ይከፍታል። ያኔ ነው እውነቱ የሚወጣው። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ኢንተርኔትን በምርጥ ሰዓቱ ሳይሆን በመጥፎ ሰዓቱ ለክታችሁ ምረጡ።

እንዴት? ቀላል ነው። ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ያሰባችሁትን ድርጅት ሲም ካለው ሰው ተዋሱ፣ ወይም አንድ ሲምና ትንሽ ጥቅል ግዙ። ስልካችሁ ላይ አስገብታችሁ፣ ራውተሩን ልታስቀምጡ ካሰባችሁበት ቦታ ላይ ሆናችሁ፣ ሦስት ምሽት በስፒድ ቴስት ለኩ። አንዱ ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን። የማውረጃውንም የአፕሎዱንም ቁጥር ጻፉ። መስኮት ጋ እና ጓዳ ውስጥ ያለው ልዩነት ይገርማችኋል፤ ቆርቆሮና ወፍራም ግድግዳ ሲግናል ይበላል። እኔ ይህን ያደረግሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት እንዲህ ነው።

ቋሚ መስመር ለሚያስገባ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። ሰፈሬ የደረሰው ፋይበር ነው ወይስ የድሮው የመዳብ ስልክ መስመር? በመዳብ መስመር ከጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ፋይበር ግን በከተማ ውስጥ ርቀት ያን ያህል አይጎዳውም። ከቢሮው ይልቅ ጎረቤት ጋ የሚገኝ መልስም አለ፦ «ባለፈው ሲበላሽ ስንት ቀን ቆየ?» በሉ። አሥር ሜጋ ገብቶ በወር አሥር ቀን ከሚጠፋ፣ አራት ሜጋ ሆኖ በማግሥቱ የሚጠገን ይሻላል። በተለይ ንግድ ላላችሁ። ኮፒ ቤት ገብቶ «ኔትወርክ የለም» የተባለ ደንበኛ ነገ ተመልሶ አይመጣም፤ ማዶ ካለው ጋር ይለምዳል።

መብራቱንም አትርሱ። መብራት ሲሄድ ፋይበሩ ደህና ሆኖ ሳለ እናንተ ቤት ያለው ሞደም ይሞታል። ከሞደሙ ቮልት ጋር የሚስማማ አነስተኛ ባትሪ ካገኛችሁ ለብዙ ሰዎች ፈጣን መስመር ከመጨመር ይበልጥ ይጠቅማል። ክረምት ላይ ደግሞ መብረቅ ከመጀመሩ በፊት ሞደሙን ከሶኬትም ከስልክ መስመሩም ንቀሉ።

ገንዘብን በተመለከተ ርካሹን ፈልጉ አልልም፣ ውዱንም አልልም። የሚያስፈልጋችሁን ቁጠሩ። ለቴሌግራምና ለባንክ መተግበሪያ ብቻ ከሆነ የስልክ ጥቅል በሆትስፖት ይበቃችኋል። ቤት ውስጥ አራት አምስት ሰው ቪዲዮ የሚያይ ከሆነ ወርኃዊ ያልተገደበ ይረክሳል። «ያልተገደበ» ሲባልም ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንስ እንደሆነ ጠይቁ፤ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ። ሌላው ደግሞ፣ እኔ እንዳደረግሁት የሦስት ወር አስቀድማችሁ አትክፈሉ። መጀመሪያ የአንድ ወር።

ጥፋቱ ሁሉ የአገልግሎት ሰጪው እንዳልሆነም ልብ በሉ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ምሽት ድረ ገጹ አልከፈት ሲል ራውተራችሁን አትምቱት። አገር ሁሉ አንድ በር ላይ ተሰልፎ ነው። ሌላ ገጽ ከፍታችሁ ሞክሩ፤ ያ ከተከፈተ መስመራችሁ ደህና ነው።

ምርጫ የማይፈታውም ነገር አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የትኛውንም ሲም ብንይዝ ልዩነት አልነበረውም። ለብዙ ወራት ትምህርትም፣ ንግድም፣ ከዘመድ ጋር መገናኘትም ተጎዳ። ያ ጊዜ ያስተማረኝ የመጨረሻውን ቀን አለመጠበቅን ነው። አስፈላጊ ሰነድ ስልካችሁም ፍላሻችሁም ላይ ይቀመጥ። የሚላክ ነገር ካለ ኔትወርክ ባለበት ቀን ይላክ።

ለኩባንያዎቹና ለባለሥልጣኑም አንድ ቃል አለኝ። «በከተማችሁ ገብተናል» ማለት ለኛ አይበቃም። ዳንግላ አንድ ነጥብ አይደለችም፤ መናኸሪያው ጋ ያለውና ከተማው ዳር ያለው አንድ ዓይነት አገልግሎት አያገኙም። የትኛው ቀበሌ ላይ፣ በምሽት፣ ስንት ሜጋ እንደሚደርስ በግልጽ ይነገረን። እስከዚያው እኛም ዝም አንበል። ሲበላሽ ፌስቡክ ላይ ተሳድበን አንተኛ፤ 994 ወይም 700 ደውለን የቅሬታ ቁጥር እንቀበል፣ ቀኑን እንጻፍ፣ ካልተፈታ ወደ ባለሥልጣኑ እንውሰደው። የስፒድ ቴስት ፎቶ ከስድብ የበለጠ ክብደት አለው።

የዚያች ምሽት ነገር እንዲህ ተጠናቀቀ። የእህቴ ልጅ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጠችና ጎረቤት ያለ አንድ መምህር ቤት ሄድን። የሱ መስመር በወረቀት ላይ ከኔ በግማሽ ያንሳል። ቡና እየተፈላ ነበር፤ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ፋይሉ ገባ። መምህሩን እንዴት እንደመረጠው ጠየቅሁት። «አንድ ሳምንት ማታ ማታ ሞከርኩት» አለኝ።

ያ ራውተር አሁንም ቤቴ አለ። ጠዋት ጠዋት ጥሩ ይሠራል።