ስልኩ ለመስሚያ፣ ማይክሮፎኑ ለመቅጃ



በድምፅ እንጀራ መብላት ሲባል ቀደም ባለው ጊዜ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የራዲዮ ጣቢያ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ሙያው ሰፍቷል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ተከታታይ ፊልሞችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ ፊታቸው ሳይታይ በድምፃቸው ብቻ የሚተውኑ ባለሙያዎች መኖራቸውን ያልተረዳ ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህም ሌላ የማስታወቂያ ንባብ፣ የትምህርት ፊልም ትረካ፣ በድምፅ የሚቀርብ መጽሐፍ፣ ስልክ ስንደውል «ለአማርኛ ይህን ቁጥር ይጫኑ» የሚለን መልእክት ሳይቀር የሰው ጉሮሮ የደከመበት ሥራ ነው። ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል እናቶችም ይገኛሉ። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ እነርሱን ይመለከታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ነገር ግን ቋሚ አሠሪ የሌላትና በየሥራው ተስማምታ የሚከፈላት ድምፅ ሰጪ ይህን ፈቃድ የምትጠይቀው ማንን ነው? ሥራ መጥቶ ካልደረሰች፣ ሥራው ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ አራስ ቤት ያለች ወይም ሕፃን የምታጠባ ባለሙያ ከቤቷ ሆና መቅዳት መቻሏ የምቾት ጉዳይ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የምናውቃት አንዲት እናት ጀሞ አካባቢ በጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ሁለት ወር ሳይሞላት አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የሁለት ገጽ ትረካ እንድታነብለት ጠየቃት። ስቱዲዮው ከቤቷ ሩቅ በመሆኑ «ከቤትሽ ቅጂው፤ እኛ በስልክ እያዳመጥን እናርምሻለን» አሏት። እርሷም ደስ አላት። በቀጠሮው ሰዓት ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አኑራ ላውድስፒከሩን ከፈተች፤ የባለቤቷን ስልክ ደግሞ አጠገቡ አድርጋ መቅጃውን አስጀመረች። አንድ ሰዓት ሙሉ አነበበች። አዘጋጁም «ቀስ በይ»፣ «ይኸኛው ጥሩ ነው»፣ «እንደገና» እያለ መራት። ማታ ግን ስልክ ተደወለላት። የአዘጋጁ ድምፅ ከእርሷ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ተቀድቷል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ «ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ያረፈው ጥሩ በሆነው ዐረፍተ ነገር ላይ መሆኑ ነው። በመሐል ለባለቤቷ ስልክ ተደውሎም መቅጃው ለአፍታ ቆሞ ነበር። ሥራው ለሌላ ተሰጠ፤ ክፍያውም ቀረ።

የዚች እናት ስሕተት የድምፅ ወይም የንባብ አልነበረም። ሁለት የተለያዩ መንገዶችን አንድ በማድረጓ የመጣ ነው። በርቀት በሚደረግ ቀረጻ አንደኛው መንገድ የስልኩ ነው፤ በእርሱ አዘጋጁ ይሰማል፣ ያርማል። ሁለተኛው የማይክሮፎኑ ነው፤ በእርሱ ድምፁ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀድቶ ይቀመጣል። ሁለቱ መንገዶች ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። ይህን የተረዳች እናት ግማሹን ሥራ ሠራች ማለት ነው።

«ታዲያ አዘጋጁ በስልኩ የሚሰማውን ድምፅ እዚያው ለምን አይቀዳውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። መደበኛው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርትዝ ያለውን የድምፅ ክፍል ብቻ ነው። ቃሉን ለመረዳት ይህ ይበቃል፤ የድምፅን ሙላትና ጥራት ግን ያስቀራል። በስልክ ስም ስናስመዘግብ «ሰ ነው ወይስ ፈ?» ተብለን የምንጠየቀው ሁለቱን ፊደላት የሚለያቸው ቀጭን ድምፅ ከዚህ ወሰን በላይ ስለሚያልፍ ነው። የኢንተርኔት ጥሪም ቢሆን ከዚህ ይሻላል እንጂ መስመሩ ሲደክም ድምፁን ይቆራርጠዋል። ስለሆነም ለሥራ የሚውለው ድምፅ መቀዳት ያለበት ከአፍ በወጣበት ቤት ነው።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የድምፅ ባለሙያዎች ከአዘጋጆቻቸው ጋር በስልክ መስመር እየተገናኙ ሲሠሩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ሰዉን በየቤቱ ባስቀመጠ ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ በልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተው ሲቀዱ አዘጋጆቻቸው ከሩቅ ያዳምጧቸው ነበር።

አሁን ወደ አደራረጉ እንግባ።

በመጀመሪያ ሁለት መሣሪያ ያስፈልጋል። አንዱ ለመነጋገሪያ የሚሆን ስልክ ነው። ሁለተኛው ለመቅጃ የሚሆን ኮምፒዩተር ወይም ሌላ ስልክ ነው። በአንድ ስልክ እየተነጋገሩ በዚያው መቅዳት ብዙውን ጊዜ አይቻልም፤ ጥሪው ማይክሮፎኑን ስለሚይዘው መቅጃው ይቆማል ወይም ባዶ ይቀዳል። መቅጃው ስልክ ከሆነ ጥሪ እንዳይገባበት ኔትወርኩን የሚዘጋውን «የአውሮፕላን» ምልክት መጫን ይገባል።

በሁለተኛ ደረጃ ላውድስፒከር መክፈት የተከለከለ ነው። አዘጋጁ የሚናገረው በአንድ ጆሮ በሚደረግ ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ መሰማት አለበት። ከስልክ ጋር የሚሸጠው ተራ ማዳመጫ ገመዱ ላይ ትንሽ ማይክሮፎን ስላለው፣ የእናቲቱ ንባብ ለአዘጋጁ የሚደርሰው በእርሱ ነው። ትልቁ ማይክሮፎን ወይም መቅጃው ስልክ ደግሞ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ጥቂት ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። የማዳመጫው ድምፅ ከፍ ካለ ከጆሮ አምልጦ ማይክሮፎኑ ውስጥ ስለሚገባ ዝቅ ማድረግ ያሻል። ይህ ድርድር ምንም ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም፤ ለጀማሪም የሚመከረው ይኸው ነው።

መነጋገሪያው ስልክ ከማይክሮፎኑና ከገመዱ ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ። ሞባይል ራዲዮ አጠገብ ሲቀመጥ «ትርርር» የሚል ድምፅ እንደሚያሰማ ሁላችንም እናውቃለን። ያው ድምፅ ቀረጻው ውስጥ ከገባ ማውጣቱ አስቸጋሪ ነው።

ሥራዋ የጸናላት ባለሙያ ውሎ አድሮ ሚክሰር ገዝታ ስልኩን በገመድ ልታገናኘው ትችላለች። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የስልክ ማዳመጫ ሶኬት ባለ አራት ክፍል ነው፤ ለግራ ጆሮ፣ ለቀኝ ጆሮ፣ ለማይክሮፎንና ለጋራ መመለሻ። ተራው የማዳመጫ ሶኬት ግን ሦስት ክፍል ብቻ ስላለው የድምፅ መግቢያውንና መውጫውን የሚለይ ማገናኛ ከመሐል ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ወደ ስልኩ የሚመለሰው ድምፅ ከአዘጋጁ ከራሱ ድምፅ በቀር ሌላው ሁሉ መሆን አለበት። የተናገረው ተመልሶ ከመጣበት እንደ ገደል ማሚቶ እያስተጋባ መነጋገር ያቅተዋል። ስልኩን ወደ ሚክሰሩ የሚያስገባው ቁልፍ ወደ ስልኩ በሚመለሰው መውጫ ላይ ዝግ መሆኑን ማረጋገጥ ይበቃል።

ክፍሉን በተመለከተ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ፊት ለፊት መቆም፣ ከኋላ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መስቀል፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል። ፍሪጅ ያጉረመርማልና ለጊዜው ይነቀል፤ ሲያበቁ መልሶ መሰካቱ እንዳይረሳ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ማኖር የሚረዳቸው አሉ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት በክረምት ከሰዓት በኋላ አይመችም፤ ጠዋት ይመረጣል። የጎረቤት ቡና የሚወቀጥበትን፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበትን ሰዓት ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናትና ቀጠሮውን እርሷ ትምረጥ።

መብራት የሚጠፋበት ጊዜም መታሰብ አለበት። ዋይፋይ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩና ሁለቱም ስልኮች ባትሪያቸው ሞልቶ ያድር፤ ሞባይሉም ላይ ዳታ ወይም የጥሪ ሂሳብ ይኑር። በመዳብ ሽቦ የሚሠራ የመስመር ስልክ ያለው ቤት ዕድለኛ ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ያገለግላል።

ከቀረጻው ዋዜማ ለአንድ ደቂቃ ሞክሮ ለአዘጋጁ መላክ ከብዙ ጸጸት ያድናል። በቀረጻው ዕለት ደግሞ የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል። መቅጃው ከተጀመረ በኋላ ምንም ሳይናገሩ 10 ሰከንድ ያህል መቆየት፤ ይህ የክፍሉ ዝምታ ለአራሚው ያስፈልገዋል። እያንዳንዱን ንባብ «አንድ»፣ «ሁለት» እያሉ ቁጥር መስጠት። አዘጋጁ ተናግሮ ሲጨርስ አንድ ትንፋሽ ያህል ጠብቆ መጀመር፤ በስልክ፣ በተለይም በኢንተርኔት ጥሪ፣ ድምፅ ዘግይቶ ስለሚደርስ የሚቸኩል ሰው ከአዘጋጁ ጋር ይጋጫል። መስመሩ ቢቋረጥ መቅጃውን አለማቆም፤ የተጀመረውን ዐረፍተ ነገር መጨረስና መጠበቅ። ማን መልሶ እንደሚደውል አስቀድሞ ካልተስማሙ ሁለቱም እየደወሉ «ተይዟል» የሚለውን ብቻ ሲሰሙ ይቆያሉ።

ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ከፍቶ ከዳር እስከ ዳር ማዳመጥ፣ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፣ ከዚያም መላክ ይገባል። ያልታመቀ ባለ አንድ መስመር ቀረጻ በ48 ኪሎ ኸርትዝና በ24 ቢት ሲያዝ በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋ ባይት ይደርሳል፤ የአንድ ሰዓት ቀረጻ ከ500 ሜጋ ባይት ያልፋል ማለት ነው። የዳታ ወጪው በክፍያው ስምምነት ውስጥ ቢታሰብ ነውር የለበትም። በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይልነት ይላክ፤ የድምፅ መልእክት ታምቆ ጥራቱን ያጣልና። ከክፍያው ጋር፣ ስንት ጊዜ እንደገና እንደሚነበብና ከዚያ በላይ ሲሆን ስንት እንደሚጨመር ከሥራው በፊት በጽሑፍ መያዝ አለበት።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቤተሰቡ ካልተባበረ ከንቱ ነው። እናት ቤት ውስጥ ስለሆነች ሥራ ላይ አይደለችም ማለት አይደለም። ቢሮ ብትሄድ ኖሮ ባሏ በየአምስት ደቂቃው በር ከፍቶ «ጨው የት ነው?» አይላትም ነበር። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ሲሰቀል ሥራ ላይ መሆኗን ትልልቆቹ ልጆች እንዲያውቁ ማድረግ ቀላል ነው። ሕፃኑን በዚያች ሰዓት መያዝ ግን የአባት ፋንታ ነው፤ ይህን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ቤተሰቡ ሥራ ሊቆጥረው ይገባል። ቤቱ የሚበላው ከዚያች ሰዓት ገቢ ጭምር ነውና።

ከላይ ያነሣናት እናት የመጀመሪያው ሥራ ከእጇ ከወጣ በኋላ ተስፋ አልቆረጠችም። ስሕተቷን ጠይቃ ተረዳች፤ ከእኅቷ አንድ ማዳመጫ ተዋሰች፤ ቁም ሣጥኗን ከፍታ ጋቢዋን ሰቀለች። ከወር በኋላ ሌላ ድርጅት ሲጠራት፣ ከመጀመሯ በፊት «አራስ ነኝ፤ ሕፃኑ ቢያለቅስ 15 ደቂቃ ዕረፍት እወስዳለሁ» ብላ ተስማማች። እንደ ፈራችውም በንባቡ አጋማሽ ላይ ሕፃኑ በአባቱ እጅ ሆኖ አለቀሰ። አዘጋጁ በስልክ ሰምቶ «አጥቢና ተመለሽ፤ እንጠብቃለን» አላት። አጠባች፤ ተመለሰች፤ ከቁጥር ሰባት ቀጠለች። ክፍያዋንም ሙሉ አገኘች።

እንግዲህ እኅቶቻችን፣ በዚህ ሙያ ለመሰማራት የምታስቡ ሁሉ፣ ውድ መሣሪያ እስክትገዙ አትጠብቁ። ሁለቱን መንገዶች ለዩ፣ ዋዜማውን ሞክሩ፣ ስምምነታችሁን ጻፉ፣ ቤተሰባችሁን አስተባብሩ። ባሎችም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ለሚስቶቻችሁ ከማቀበላችሁ በፊት ቀይ ጨርቁ የት እንደተቀመጠ እወቁ።