የተዘጋው መስኮትና የምንተነፍሰው አየር

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ይኸውም አንዱ መንገደኛ መስኮቱን ገለጥ ሲያደርግ፥ ሌላው «ብርድ ሊመታን ነው፤ ዝጋው እንጂ!» ማለቱ ነው። መስኮቱ ይዘጋል፤ የሚያስለውም መንገደኛ ከሌሎቹ ጋር አንድ አየር እየተካፈለ ይጓዛል። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ይህ ቀላል የሚመስል ልማድ በጤናችን ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ነው።

ሕዝባችን በሽታን ከአየር ጋር ማያያዝ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ በበረታ ጊዜ፥ በከተማይቱ እስከ 10 ሺህ የሚደርስ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድም የዚያ መከራ መታሰቢያ እንደ ሆነ ይነገራል። አባቶቻችን ጠላቱን በአየር ውስጥ መፈለጋቸው መልካም ነበር፤ ጢሱ ግን መድኃኒት አልነበረም፤ እንዲያውም ሳንባን ይጐዳል።

የሊቃውንቱም ዓለም ቢሆን ወደ እውነቱ የደረሰው በዝግታ ነው። በ1950 ዓ.ም. ግድም በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ዌልስና ራይሊ የተባሉ ሊቃውንት የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር በቧንቧ አሳልፈው ጊኒ ፒግ የተባሉት ትናንሽ እንስሳት እንዲተነፍሱት አደረጉ። እንስሳቱ በሽተኞቹን ሳይነኩ፥ በአየሩ ብቻ በበሽታው ተያዙ። ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ፥ ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ በታወቀበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በአየር የሚተላለፍ አይደለም ሲል አስታውቆ ነበር። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ግን ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጡ ቅንጣቶች፥ ትልቅም ሆኑ ትንሽ፥ በአየር ተጉዘው በሽታን ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተስማምቶ ገለጸ። ከባዱ ጠብታ ወዲያው መሬት ይወድቃል፤ ረቂቁ ግን በተዘጋ ቤት እንደ ጢስ ሲንሳፈፍ ይቈያል። ስለዚህ እጅን መታጠብ የሚገባ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ 7 ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል። 60 ተማሪዎች በ45 ደቂቃ ትምህርት ወደ 19 ሺህ ሊትር ይተነፍሳሉ ማለት ነው። ርዝመቱ 8፥ ወርዱ 7፥ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 168 ሺህ ሊትር አየር ይይዛል። እንግዲህ መስኮቱ ከተዘጋ፥ ደወል እስኪደወል ድረስ ከክፍሉ አየር ከዘጠኝ አንዱን እጅ የሚያህለው በሰው ሳንባ ውስጥ ያለፈ ይሆናል።

ነገር ግን «መስኮት ክፈቱ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ስለ ሆነች፥ እኩለ ቀን ላይ መስኮት መክፈት ብዙ አያስቸግርም። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በራስ ዳሸን ግርጌና በስሜን ደጋ የሚኖር ገበሬ ግን ማታ በሩን ቢዘጋ ሊወቀስ አይገባውም። ችግሩ ሙቀቱ ከጢሱ ጋር አብሮ መዘጋቱ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በቤት ውስጥ ጢስ ሰበብ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። በጢስ የተጐዳ ሳንባ ለሳንባ ምች በቀላሉ ይጋለጣል። ለደገኛው የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን፥ የጢስ መውጫ ያለው ምድጃና ከመኝታው የተለየ ማድቤት ነው።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ ተማሪዎቹ በሽተኛን ከመጠበቅ ይልቅ ወደ መንደር ወርደው በሽታን እንዲከላከሉ የታሰበ ነበር። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የተደረገ ጥናትም ጣራቸው ከፍ ያለ፥ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ የጥንት ሆስፒታሎች ከአዲሶቹ ይልቅ አየር እንደሚያዘዋውሩ አሳይቷል። መልካም አየር ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም ማለት ነው።

እንግዲህ ተማሪ የሆንህ፥ ነገ ከጓደኞችህ ቀድመህ ክፍል ስትገባ ትይዩ የሆኑትን መስኮቶች ክፈት። የትምህርት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ ፕላን ላይ የምትፈርም ወጣት ሹምም፥ ከመፈረምህ በፊት «ነፋሱ በየት ገብቶ በየት ይወጣል?» ብለህ ጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ በግንብ ላይ ያልተተወ መስኮት በኋላ ግንቡን በማፍረስ ካልሆነ አይገኝም።